ጋሽ ዳንጊሶ የፈረሙባቸው ሁለት ወረቀቶች

የሞታቸውን ወሬ የነገረኝ ሰው ስማቸውን እንኳ አልጠራም። ከሐዋሳ ደውሎ ስለ ሌላ ጉዳይ ሲያወራኝ ቆየና ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ «እንዴ፣ ልረሳው ነበር! ያ ጉቦ በልቶ የታሰረው የመኪና መርማሪ ሞተ አሉ። አንቺ ታውቂው አልነበር?» አለኝ።

አውቃቸው ነበር። ጉቦ አለመብላታቸውንም ከማንም በላይ አውቃለሁ። «ነፍስ ይማር» ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ ቁጭ ባልኩበት ቀረሁ። በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ሐዋሳ ሄድኩ።

ጋሽ ዳንጊሶን የተዋወቅኳቸው በደርግ ዘመን ነው። አብዮቱ ከፈነዳ ስድስት ሰባት ዓመት ሆኖታል። እኔ ከደብረ ብርሃን የመጣሁ ጀማሪ ነርስ ነበርኩ፤ ከቡሹሎ አለፍ ብሎ ባለ የገጠር ጤና ጣቢያ ተመድቤ የክትባት ሳጥን በትከሻዬ አንግቼ በእግሬ የምዞር። አንድ ቀን ምጥ የጠናባት ሴት አለች ተብዬ ሦስት ሰዓት ተጉዤ ስደርስ፣ ሰው ግቢው ውስጥ ለቅሶ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሞተር ሳይክል ካልገዛሁ አልኩ። መንዳቱን ወንድሜ በልጅነቴ አስተምሮኛል።

ሞተር ይሸጣል ተብሎ የተነገረኝ ሰው ጓድ ታደለ ነበር። በመንግሥት መጋዘን ይሠራል፤ በቀበሌውም ቃሉ ይሰማል። ፈገግታ የማይለየው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። ሞተሩ የጀርመን ሥራ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ፣ ድምፁ ግን ገና የጎልማሳ ነበር። ጥቁር ቀለም በቅርቡ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ሊብሬው በታደለ ስም ነው፤ የዓመቱ ቦሎም ተለጥፎበታል። ዋጋው ደግሞ ከጠበቅኩት በታች ሆነና መጀመሪያ ያጠራጠረኝ እሱ ነው።

«ሴት ልጅ በሞተር ስትሄድ ማየት ራሱ የአብዮቱ ድል ነው፣ ሲስተር» አለኝ። «ዛሬውኑ ውሰጂው።»

አባቴ በቅሎ እንኳ ሲገዛ የሻጩን ጎረቤት ሳይጠይቅ ገንዘብ አያወጣም ነበር። ስለዚህ፣ «በየዓመቱ ለቦሎ ሲቀርብ መርማሪው ምን እንደጻፈበት ልይና እመለሳለሁ» አልኩት። ፈገግታው አልጠፋም፤ ግን ፊቱ ላይ ትንሽ ቆመ።

«ማን ጋ ልትሄጂ?»

«ጋሽ ዳንጊሶ የሚባሉ አሉ አሉ።»

«እሱ ሽማግሌ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጴንጤ ነው። አብዮቱን አይወድም። እጁም ንጹሕ አይደለም ይባላል። ብቻ ሂጂ፣ ሞተሩንም ይዘሽ ሂጂ፤ ለእኔ ግድ የለኝም።»

ያን ጊዜ አንድ ሰው ስለ ሌላው እንዲህ ሲነግርህ ሁለቱንም ትጠረጥራለህ። እኔም ሁለቱንም እየጠረጠርኩ ሄድኩ።

ጋሽ ዳንጊሶ ረጅም፣ ከወገባቸው ጎበጥ ያሉ፣ ካኪ ካፖርት ከላያቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። እርሳስ በጆሯቸው ላይ ይሰካሉ። ለምርመራ የቀረበን መኪና አስቀድመው አይነኩትም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀስ ብለው አንድ ጊዜ ይዞሩታል። ከዚያ ከረጢት አንጥፈው ይንበረከኩና ከሥር ማየት ይጀምራሉ። ዘይቱን በጣታቸው ነክተው ያሸታሉ። ባለቤቱ ሊያስረዳቸው አፉን ሲከፍት፣ «አንተን አልጠየቅኩም፤ አንተ ትወደዋለህ» ይሉታል። አዲስ ቀለም የተቀባ ነገር ካዩ ደግሞ ጥያቄያቸው ያው አንድ ነው፤ «ለምን ቀባኸው?»

የመሥሪያ ቤታቸው አለቃ መኪና ፍሬኑ አይዝም ብለው ቦሎ የከለከሉት እሳቸው ናቸው ይባል ነበር። አንድ የጭነት መኪና ባለቤት በሌሉበት አንድ ዘለላ ሙዝ ቢሯቸው ጥሎ ቢሄድ፣ ዘለላውን በትከሻቸው ተሸክመው በከተማው መሐል አቋርጠው ቤቱ ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ተመልሰዋል። ሰው ይህን የሚያወራው ግን እያደነቀ ብቻ አልነበረም። «ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን? የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው» የሚሉም ነበሩ። ዘመኑ እንደዚያ ነበር።

ግቢው ውስጥ ሞተሩን አቁሜ ሰላም አልኳቸው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

«አብሮ ይስጥልን። ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። ሞተር ልገዛ ነው፤ የምርመራ ፋይሉን እንዲያሳዩኝ ነው የመጣሁት።»

«የምትገዥው ለማን ነው?»

«ለራሴ።»

ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። የነርስ ጫማዬን አዩ፣ ቦርሳዬን አዩ፣ ከኋላዬ በሩን አዩ። ከዚያ እጃቸውን አጣምረው ሞተሩን ዞሩት። «ለምን ቀባው?» አሉ። እኔ እንጃ አልኩ። ከረጢታቸውን አንጥፈው ተንበረከኩ፤ እጃቸውን በግራ በኩል ከእግር መርገጫው ሥር አሳለፉ። እዚያ እጃቸው ቆመ። የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ ቀስ አድርገው ዳሰሱት። ሲነሱ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጨርቁንም አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ሰኞ ተመለሽ።»

ሞተሩን ለታደለ መልሼ ሰኞ ስመጣ ፋይሉ አልተገኘም አሉኝ። ረቡዕ ስመጣ የሉም ተባልኩ፤ ካፖርታቸው ግን በመስኮት ይታየኛል። ዓርብ ብቻቸውን አገኘኋቸው።

«አትግዥው» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ለምን፣ ጋሼ?»

«አሮጌ ነው።»

«አሮጌ መሆኑንማ አውቃለሁ። እኔ የፈለግኩት ፋይሉን ነው። መብቴ ነው።»

ተነሥተው በሩን ገርበብ አደረጉ፤ መልሰው ደግሞ ከፈቱት፣ የተዘጋ በር እንዳያስጠረጥር። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያንን ፋይል ማውጣት ዋጋ ያስከፍላል፣ ሲስተር» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። እንግዲህ ይህ ነው ያ ሙዝ የመለሰ ሰው! እጁ ንጹሕ አይደለም የተባለው እውነት ነው ብዬ ወጣሁ። በቀጥታ የሄድኩት ታደለ ጋ ነው።

«ጉቦ ጠየቀሽ?» አለኝ፣ ገና ነገሩን ሳልጨርስ።

«ዋጋ ያስከፍላል አሉኝ።»

«ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» አለና መሳቢያውን ስቦ አንድ ወረቀት አወጣ። «እንዲህ ዓይነቱን ሰው ዝም ካልነው ድሃው በማን ይተማመን? እዚህ ጋ ፈርሚ።»

አነበብኩት። ስለ ሞተሩ አንድም ነገር አይልም። መርማሪው አቶ ዳንጊሶ ፋይል ለማሳየት ጉቦ ጠይቆኛል፤ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድልኝ ይላል። ሙሉ ስሜን ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ ቀኑን ጻፍኩበት።

መንገዱን ከተሻገርኩ በኋላ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ወረቀቱ በታይፕ የተመታ ነበር። ጉቦ የሚለውን ነገር እኔ ለታደለ የነገርኩት አሁን፣ ከደቂቃዎች በፊት ነው። ወረቀቱ ግን ለስሜና ለቀኑ ብቻ ክፍት ቦታ ተትቶለት ቀድሞ ተዘጋጅቶ መሳቢያ ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር።

ተመልሼ ሄድኩ። «ጓድ ታደለ፣ ወረቀቱን ስጠኝ፤ አስቤበት ልመለስ» አልኩት።

«ሄዷል» አለኝ በፈገግታ። ከወጣሁ ገና አንድ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ አልሆነም። «ሞተሩንስ መቼ ትወስጃለሽ?»

ያን ቀንም በማግስቱም ምን እንደሠራሁ አላውቅም። አንድን ሕፃን ክትባቱን ሁለት ጊዜ ልወጋው ስል እናቱ ናት እጄን የያዘችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አላስችል ብሎኝ ቤታቸው ሄድኩ። የሚኖሩት በጉዱማሌ በኩል ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ «ዳኤ ቡሹ» ብለው በሲዳምኛ ተቀበሉኝ፤ ወተት በብርጭቆ አቀረቡልኝ። ጋሽ ዳንጊሶ ሲያዩኝ አልተደሰቱም።

«ማርታ፣ እስኪ ጎረቤት ዘንድ ሂጂ» አሏቸው።

ወይዘሮ ማርታ እኔንም እሳቸውንም አየት አደረጉና ነጠላቸውን አንስተው ወጡ።

«ጋሼ» አልኩ፤ ወተቱን አልነካሁትም። «ፈርሜብዎታለሁ። ጉቦ ጠየቁኝ ብዬ።»

አንድ ዶሮ ከደጅ ገብታ ስትጭር በእግራቸው ገፋ አደረጓት።

«በሙሉ ስምሽ ነው የፈረምሽው?»

«አዎ።»

«ቀኑንስ ጽፈሻል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«መልካም» አሉ። «ሲጽፉ እንደዚያ ነው።»

አለቀስኩ። ወረቀቱ ቀድሞ የተዘጋጀ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ልመልሰው ሄጄ እንዳጣሁትም ነገርኳቸው። እስክጨርስ ድረስ አላቋረጡኝም። ከዚያ፣ «እኔ ደግሞ እነሱ የላኩሽ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «ሞተሩን የማውቀው እንደሆነ ሊፈትኑኝ። እንዳንቺ የዋህ የምትመስል ልጅ ነው የሚልኩት። ዋጋ ያስከፍላል ያልኩሽ ነፍስ ያስከፍላል ማለቴ ነው፤ የኔንም፣ ያንቺንም።»

«አሁንስ ይጠረጥሩኛል?»

«እንዴት አልጠረጥርሽም? ግን ፈረምኩ ብለሽ መጥተሻል። የሚላክ ሰው ይህን አይናገርም፤ ወይም በጣም የተማረ ነው።» ትንሽ አሰቡ። «የተላክሽ ብትሆኚም ባትሆኚም ከእንግዲህ ብነግርሽ የሚጨምር ነገር የለም።»

ነገሩኝ። ሞተሩ ሰሎሞን የሚባል የእንስሳት ጤና ረዳት ንብረት ነበር። በየገጠሩ ከብት እያከመ ሲዞር መላው አውራጃ በዚያ ሞተር ያውቀው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ለሥራ እንደወጣ አልተመለሰም። ለሚስቱ የተነገራት፣ ለከተማውም የተወራው፣ ሰሎሞን በሞተሩ በሞያሌ አድርጎ ወደ ኬንያ ጠፋ የሚል ነው። ሚስቱ ዘነበች የከዳተኛ ሚስት ተብላ ከሥራ ወጣች፤ ባህል አዳራሽ አካባቢ በተከራየችው ክፍል ልብስ እየሰፋች ትኖራለች።

«የግራው መርገጫ አንድ ጊዜ ተሰብሮ እኔ ነኝ የበየድኩለት» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ። «ከዚያ በየዓመቱ ለቦሎ ሲመጣ ‹የግራ መርገጫ በብየዳ የተጠገነ› ብዬ እጽፍበታለሁ። ቁጥሩን ፍቀውታል፣ ቀለም ቀብተውታል፣ እኔ ለሥራ ወላይታ በሄድኩበት ሳምንት አዲስ ታርጋ አውጥተውለታል። ቁጥር ይፋቃል፣ ሲስተር። ብየዳ ግን የሠሪው የእጅ ጽሑፍ ነው፤ በጨለማ ብዳስሰው አውቀዋለሁ።»

ነገሩ የገባኝ ቀስ እያለ ነው። ሞተሩ ሐዋሳ ውስጥ ካለ ሰሎሞን በሞተሩ ኬንያ አልሄደም። ታደለም ሞተሩን ለእኔ ሊሸጥ የፈለገው ለአገሩ እንግዳ ስለሆንኩ፣ ሰሎሞንን አይቼው ስለማላውቅ ነው። መርማሪው ጋ እሄዳለሁ ስለው፣ ሽማግሌው ሞተሩን ቢያውቀው አፉን የሚዘጋበት፣ እኔ የምፈርመው ወረቀት አስመታ።

«ዘነበች ታውቃለች?» አልኳቸው።

«አታውቅም። ከስምንት ቀን ወዲህ በየቀኑ ደጇ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ጎረቤቷ ያያል። አንድ ወንድ ለምን ገባ ይባላል።» ቦርሳዬን አዩት። «ነርስ ይዤ ብገባ ግን ታማ ነው ይባላል።»

አብረን ሄድን። እሳቸው ቀደም ብለው፣ እኔ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቼ። ዘነበች የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ነበር፤ በግምት የኔ እኩያ፣ ከንፈሯን የምትነክስ ሴት። ጋሽ ዳንጊሶ አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «ልጄ፣ የሰሎሞንን ሞተር አግኝቼዋለሁ። እዚሁ ከተማ ነው» አሏት።

የስፌት መኪናው ቆመ።

«የሱ ለመሆኑ እርግጠኛ ነዎት?»

«ብየዳው የኔ ነው።»

ጮኻ እንዳታለቅስ ፈርቼ ተጠጋኋት፤ ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ከወዲያ ሰው ሲስል ይሰማል። እሷ ግን አልጮኸችም። የምትሰፋውን ጨርቅ አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው። ስታወጣው፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ሰድቤዋለሁ» አለች። «ጥሎኝ ሄደ ብዬ። በየቀኑ፣ ጋሼ። በየቀኑ ረግሜዋለሁ።»

ጋሽ ዳንጊሶ ባርኔጣቸውን እንደያዙ አጠገቧ ቆሙ። እኔ የደም ግፊት የምለካ መስዬ ክንዷን ይዤ ተቀመጥኩ።

ዘነበች ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጥቁር ለበሰች። ማን ሞቶብሽ ነው ሲሏት አክስቴ አለች።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ዳንጊሶ መሥሪያ ቤት ገብተው ሁለቱን ፋይሎች አወጡ፤ የሰሎሞንን የድሮውን፣ የታደለን አዲሱን። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ጻፉ። ይህ ተሽከርካሪና በዚያኛው ፋይል የተመዘገበው አንድ ናቸው፤ የሞተሩ ቁጥር ተፍቋል፤ የግራ መርገጫው ብየዳ የእኔ ሥራ ነው። ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ጽፈው ፈረሙ። ቀኑን አሰፈሩ። በቦታ ቦታቸው መልሰው ሸጎጧቸው።

«ለምን?» አልኳቸው ሲነግሩኝ። «ቢያገኙትስ?»

«ፋይል የሚያነብ የለም» አሉኝ። «እስኪፈለግ ድረስ ከፋይል የበለጠ የተቀበረ ነገር የለም።»

ሐሙስ ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው።

እኔ ለታደለ ሞተሩ ላይ ስቀመጥ እግሬ መሬት አይደርስም አልኩት። አላመነኝም፤ ግን አላስገደደኝም። በኋላ ሞተሩን ለአንድ የዲላ ሰው ሸጠው ተባለ። እኔ በእግሬ መዞሬን ቀጠልኩ። ከኋላዬ ኮቴ ስሰማ ቆሜ አሳልፍ ነበር። ለወራት የጠበቅኩት ተራዬን ነው፤ አልደረሰኝም። ለምን እንዳልደረሰኝ አልገባኝም ነበር። ምናልባት ታደለ የራሱ ምስክር አድርጎ ቆጥሮኝ ይሆናል ብዬ ራሴን ጠላሁት።

ጋሽ ዳንጊሶ ከአንድ ዓመት በኋላ ተፈቱ። ከስተው፣ ግራ እጃቸው በደንብ የማይዘረጋ ሆኖ። ከተማው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነበር፤ ጉቦ መጠየቁን ራሱ አምኖ ፈረመ የሚል። ሥራቸውን አጡ። ተዘግቶ የነበረው ቤተ ክርስቲያናቸው በኋላ ሲከፈት ከሽማግሌነት ተነሡ፤ የሚጸልዩት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከሐይቁ መንገድ ዳር በቆርቆሮ በተከለለች ቦታ ብስክሌትና ሞተር እየጠገኑ ኖሩ።

አንድ ቀን እዚያ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ጎማ እየነፉ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«ሁለት ቀን ሙሉ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ አልገባኝም ነበር» አሉ። «ማን ጋ ትሄዳለህ፣ ከማን ጋር ታወራለህ፣ ፋይል ለማን አሳየህ ይሉኛል። በሦስተኛው ቀን ያንቺን ወረቀት አነበቡልኝ። ደስ አለኝ፣ ሲስተር። አዎ፣ ጠይቄያታለሁ አልኩ። ለገንዘብ ብዬ ነው እንጂ ለማንም ምንም አላሳየሁም አልኩ። ጉቦ የሚፈልግ ሰው ፋይል ይደብቃል፤ ይህ ይገባቸዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ፋይል የጠየቀኝ የለም። ስለ ዘነበችም፣ ስላንቺም።»

አንድ ዘለላ ሙዝ ከተማ አቋርጠው የመለሱ ሰው ናቸው እንግዲህ ይህን የፈረሙት።

ደርግ ወደቀ። ዘነበች አቤት አለች፤ ሁለቱ ፋይሎች ከመዝገብ ቤት ወጡ፤ አቧራቸው ተራግፎ ተነበቡ። ታደለ ሞተሩን ከማን እንዳገኘው ሲጠየቅ መጀመሪያ ካደ። ፋይሉ ሲነበብለት ስም ጠራ፤ የተጠራው ሰው ደግሞ ቦታ አሳየ። ሰሎሞን ከከተማው ብዙ ሳይርቅ ነበር። ዘነበች ባሏን በስሙ ቀበረችው። በቀብሩ ዕለት ጋሽ ዳንጊሶ ከሕዝቡ ጀርባ ቆመው አየኋቸው፤ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው።

ከቀብሩ ስንመለስ ተከተልኳቸው። «ጋሼ፣ አሁን ይበቃል» አልኳቸው። «ጉቦው ውሸት መሆኑን ልናገር። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ልናገር።»

«ተይ» አሉኝ።

«ለምን? አሁን ማንን እንፈራለን?»

«ነገሩ ገና ፍርድ ቤት ነው። ሁለት ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ፤ ስለ ብየዳውና ስለ ጉቦው። አንዱ ላይ የፈረምኩት ሐሰት ነበር ብል፣ የታደለ ጠበቃ ቆሞ ‹ይህ ሰው በሐሰት የሚፈርም ሰው ነው፤ ስለ ብየዳውስ እንዴት ይታመናል?› ይላል። ያኔ ዘነበች ምን ትላለች?»

ጉዳዩ ዓመታት ፈጀ። አለቀ። ያኔ ልናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም። እሳቸው አላነሡትም፣ እኔም አላነሣሁባቸውም። ዝምታው ለእኔ ተመችቶኝ እንደነበር ዛሬ ልደብቀው አልፈልግም። አዲስ አበባ ተዛውሬ ነበር፤ ሲስተር አስካለ ተብዬ የተከበርኩ ነበርኩ። በሐሰት የፈረምኩ ሴት መሆኔን የሚያውቁ ሰው ደግሞ ለማንም የሚናገሩ አልነበሩም። ለበዓል ደውዬ ደህና ነዎት ስላቸው፣ «ደህና ነኝ፤ አንቺስ ሞተር ገዛሽ?» ይሉኝና ይስቃሉ። አልገዛሁም።

እንግዲህ ሞቱ የተባልኩ ቀን ማግስት እዚያ ደረስኩ። ለቀብራቸው ብዙ ሰው አልመጣም። ከድሮ መሥሪያ ቤታቸው አንድም ሰው አላየሁም። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ልጃቸው ነው፤ ጸጉሩ የሸበተ አስተማሪ። የትውልድ ቦታቸውን፣ ሙያ የተማሩበትን፣ በመርማሪነት የተቀጠሩበትን በደንብ አድርጎ አነበበ። ከዚያ ድምፁ ፈጠነ። «በዚህ ሥራ ላይ ለበርካታ ዓመታት ካገለገሉ በኋላ በግል ሥራ ተሰማርተው…» ሲል ሁለት ሴቶች ተያዩ። አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

እጄን አነሣሁ። ልጃቸው ንባቡን አቆመ።

«ይቅርታ፤ አንድ ነገር ዘለልክ» አልኩ። «እኔ አስካለ እባላለሁ። አቶ ዳንጊሶ ጉቦ ጠየቁኝ ብዬ ያን ጊዜ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሐሰት ነው። ምንም አልጠየቁኝም። ጠይቄያለሁ ብለው ያመኑት ሦስት ሰው እንዳይጠፋ ነው፤ ከሦስቱ አንዷ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሞተሩን፣ ብየዳውን፣ ሁለቱን ፋይሎች፣ ፍርድ ቤቱን። ፀሐይ ከራሳችን በላይ ነበረች፤ ማንም ግን ወደ ጥላ አልሄደም። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀ። ካወለቀ በኋላ ሌሎችም አወለቁ።

ሁሉም ሲበተን ልጃቸው ወደ እኔ መጣ። ይቆጣኛል፣ ምናልባትም ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። እጄን ያዘኝ፣ አጥብቆ።

«እናታችን እስር ቤት ምግብ ስታመላልስ ሰው እንዳያያት በጓሮ በኩል ነበር የምትሄደው» አለኝ። «ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እሷም ጉቦ በልቷል ብላ እንዳመነች ሞተች።»